ሶፍትዌሮች ሲደራጁ፦ ሚና፣ ውልና ደንብ በኤጀንቶች መካከል

ባለብዙ ኤጀንት ሥርዓት የሚባለው የየራሳቸውን ውሳኔ የሚወስኑ በርካታ ፕሮግራሞች አንድ ሥራ ላይ የሚሰማሩበት የሶፍትዌር ዓይነት ነው። ኤጀንት የሚለው ስያሜ ወኪል ከሚለው ቃል ብዙ አይርቅም፤ ሥራው ከተሰጠው በኋላ በየእርምጃው «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብሎ የማይጠይቅ፣ ያለበትን ሁኔታ እያየ ራሱ የሚወስን ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ሲጠሩት ይመልሳል፤ ኤጀንት ግን እምቢ ሊል፣ ሊዘገይ ወይም ሌላ ሥራ ይዣለሁ ሊል ይችላል። ጠቀሜታውም ጣጣውም ከዚሁ ነፃነቱ ይመነጫል። እርስ በርስ የማይተያዩ፣ ምናልባትም በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ፣ እምቢ ማለት የሚችሉ አንድ ሺህ ፕሮግራሞች ባሉበት ማን ምን ይሠራል? ማን የማንን ቃል ይሰማል? አንዱ ድንገት ከመስመር ቢወጣ ቦታውን ማን ይይዛል?

ጥያቄዎቹ ለኮምፒውተር አዲስ ቢሆኑም ለሰው ልጅ የቆዩ ናቸው። መሥሪያ ቤት፣ ገበያ፣ የጦር ክፍል፣ ማኅበር፣ ሁሉም የተፈጠሩት ሁሉን የማያውቁና ሁልጊዜ የማይስማሙ ሰዎችን ለአንድ ሥራ ለማዋል ነው። የመስኩ ተመራማሪዎችም መልስ ፍለጋ ወደዚያው ሄዱ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተበታተኑ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ልክ እንደ ድርጅት ማየት እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ድርጅታዊ ሞዴል የሚለው ሐሳብ ከመስኩ አልወጣም።

የመጀመሪያው ምክንያት ተራ ሒሳብ ነው። አሥር ኤጀንቶች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር ቢነጋገሩ 45 የመገናኛ መስመር ይኖራል። መቶ ሲሆኑ መስመሩ 4,950 ይደርሳል፤ ሺህ ሲሆኑ 499,500። እነዚያው ሺህ ኤጀንቶች አንድ የበላይ ኖሯቸው በተዋረድ ቢደራጁ 999 መስመር ይበቃቸዋል። ልዩነቱ የመልእክት ብዛት ብቻ አይደለም። የሚደርሰውን ሁሉ አንብቦ ለመወሰን የሚውለው ጊዜም አብሮ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከኸርበርት ሳይመን የመጣ ነው። ሳይመን የመንግሥት አስተዳደርን እያጠና የጀመረ፣ ከአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሥራቾች አንዱ የሆነ፣ በ1978 ደግሞ የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነበር። ሰው ውሳኔ ሲወስን የሚያውቀውም የሚያስበውም ውስን ስለሆነ፣ ድርጅት የሚያስፈልገው ይህንን ውስንነት ለመሸከም ነው ይላል። በ1962 ያሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ሆራና ቴምፐስ የሚባሉ ሁለት ምናባዊ ሰዓት ሠሪዎች አሉ። የሁለቱም ሰዓት ወደ 1,000 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት። ቴምፐስ ክፍሎቹን በአንድ ተከታታይ ሥራ ይገጣጥማል፤ መሐል ላይ ስልክ ከተደወለና የያዘውን ካስቀመጠ ሁሉም ይፈርስበትና ከሀ ይጀምራል። ሆራ ግን አሥር አሥሩን እያሰረ ትንንሽ አካል ይሠራል፣ አሥር ትንንሽ አካል ደግሞ አንድ ትልቅ አካል ይሆናል። ስልክ ሲደወል የሚፈርስበት እጁ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከመቶ አንድ ጊዜ መቋረጥ ቢኖር፣ በሳይመን ስሌት ቴምፐስ አንድ ሰዓት ለመጨረስ ሆራ ከሚፈጅበት ወደ አራት ሺህ እጥፍ ይወስድበታል። በኤጀንት ሥርዓት ውስጥም ተዋረድ የሚያስፈልገው አለቃ እንዲኖር ተብሎ ሳይሆን፣ አንድ ቦታ የደረሰ ብልሽት እዚያው እንዲቀር ነው።

ተዋረድ ግን ብቸኛው ቅርጽ አይደለም። ሪድ ስሚዝ በ1980 ያሳተመው የውል መረብ ፕሮቶኮል ሥራን በጨረታ ያከፋፍላል። ሥራ ያለው ኤጀንት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ማስታወቂያው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማን መወዳደር እንደሚችልና እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ይገልጻል። የሚችሉት ዋጋቸውን ያቀርባሉ፣ አውጪው አወዳድሮ ለአንዱ ይሰጣል፣ ያሸነፈው ሠርቶ ሲጨርስ ሪፖርት ያደርጋል። አሸናፊው ሥራው ከበዛበት እሱም በተራው ሌላ ጨረታ አውጥቶ ለንዑስ ተቋራጭ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዛሬ አሠሪ የሆነው ነገ ሠራተኛ ነው። ማን የት እንዳለና ምን እንደሚችል አስቀድሞ መመዝገብ አያስፈልግም፤ አዲስ የመጣም ማስታወቂያ ከሰማ ይወዳደራል። ድክመቱ ጨረታው የዛሬን እንጂ የነገን አለማየቱ ነው። አንድ ኤጀንት በመጀመሪያ የመጣለትን ቀላል ሥራ ከተዋዋለ በኋላ እሱ ብቻ የሚችለው ከባድ ሥራ ሊወጣ ይችላል። ማስታወቂያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ከሥራው ይልቅ ጨረታው ጊዜ ይበላል፤ ይህን ለመረዳት የግዥ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የነበሩት ቪክተር ሌሰርና ዳንኤል ኮርኪል ሌላ መንገድ ሞከሩ። የሙከራ መድረካቸው በሰፊ ቦታ ላይ የተበተኑ፣ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎችን በድምፃቸው የሚከታተሉ ጣቢያዎችን በኮምፒውተር ያስመስል ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚሰማው የራሱን አካባቢ ብቻ ነው፤ የሚሰማውም ንጹሕ አይደለም፣ የሌለ ተሽከርካሪ የሚያስመስል ጫጫታ አለበት። ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ትእዛዝ አልሰጡትም። የሰጡት የትኩረት መስክ ነው፦ አንተ በዚህ አካባቢ ላይ አተኩር፣ ይህን ዓይነት ውጤት ለእነ እገሌ ላክ፣ ከእነ እገሌ የሚመጣውን አስቀድም። ከዚያ ውጭ ያለውን በዕለቱ ባለው መረጃ ራሱ ይወስናል። ጎረቤቱ የተሳሳተ መንገድ እያሳየ ሲጎትተው ጣቢያው የራሱን መረጃ ይዞ መጠራጠር መቻል ነበረበት፤ ካልቻለ የአንዱ ስሕተት ሁሉንም ሐሰተኛውን መንገድ ተከትለው እንዲጓዙ ያደርጋል። እዚህ ላይ ድርጅት ማለት የረጅም ጊዜ አቅጣጫ ነው፤ የየዕለቱ ውሳኔ ለኤጀንቱ የተተወ ነው። ሐሳቡ ከቀረበ አርባ ዓመት ቢያልፈውም፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙ ሞዴሎች ይልቅ የሰዎችን የሥራ ሁኔታ በቅርብ የሚመስለው ይኸኛው ነው።

የአደረጃጀት ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ግልጽ አድርጎ ያሳየው የሚሊንድ ታምቤ የሄሊኮፕተር ማስመሰያ ነው። ታምቤ በ1990ዎቹ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ለወታደራዊ ልምምድ የሚያገለግሉ የሄሊኮፕተር አብራሪ ኤጀንቶችን ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ አብራሪ የራሱን ሥራ ጠንቅቆ ያውቃል። ቡድኑ እስከ መቆያው ቦታ አብሮ ይበራል፣ እዚያ ይጠብቃል፣ አንድ ቃኚ ቀድሞ ሄዶ መንገዱን አይቶ «ኑ» ይላቸዋል። በአንዱ ልምምድ ላይ ቃኚው ከኮረብታ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሌሎቹ አየር ላይ እንዳሉ መልእክቱን መጠበቅ ቀጠሉ፤ ማቆሚያ አልነበረውም። በሌላ ጊዜ ደግሞ አዛዡ ግዳጁ መፈጸሙን አየና ብቻውን ወደ ሰፈር ተመለሰ፣ ጓዶቹን እዚያው ጥሎ። ሁለቱም ፕሮግራሞች እንደተጻፉት ነበር የሠሩት። ቃኚው ቢወድቅ ማን እንደሚተካው፣ ግዳጁ ማብቃቱን ያወቀ ለሌሎቹ የመናገር ግዴታ እንዳለበት ግን በማንም ጭንቅላት ውስጥ አልተጻፈም።

ታምቤ መፍትሔውን ያገኘው ከፊል ኮኸንና ከሄክተር ሌቬክ የጋራ ሐሳብ ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ መሠረት የቡድን አባል የሆነ ኤጀንት የጋራው ግብ መሳካቱን፣ መክሸፉን ወይም ትርጉም ማጣቱን ባወቀ ጊዜ የራሱን ሥራ ማቆም ብቻውን አይበቃውም፤ ቡድኑ ሁሉ እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ አለበት። በ1997 ይፋ የሆነው ስቲም የተባለው ሥርዓት ይህን ደንብ ከእያንዳንዱ አብራሪ የበረራ ዕውቀት ለይቶ በአንድ ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ያው የቡድን ሥራ ደንብ ብዙም ሳይለወጥ በኮምፒውተር በተመሰሉ የእግር ኳስ ተጫዋቾችም ላይ ዋለ። ሄሊኮፕተርና እግር ኳስ የሚያገናኛቸው ነገር ባይኖርም፣ ጓደኛ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ደንቡ ከኤጀንቱ ውጭ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ በስፋት የተስፋፋው በ1998 ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ዣክ ፈርቤርና ኦሊቪየ ጉትክኔሽት፣ አላዲን የተባለውን ሞዴል ሲያቀርቡ ነው። ሞዴሉ ሦስት ቃላት ብቻ አሉት፦ ኤጀንት፣ ቡድን፣ ሚና። ኤጀንቱ ውስጡ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያስብ፣ በምን የፕሮግራም ቋንቋ እንደተጻፈ ሞዴሉ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየትኛው ቡድን ውስጥ ምን ሚና እንደያዘ ብቻ ነው። እድርን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥሩምባ ነፊ የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ቦታዎቹ ይኖራሉ። አንድ ሰው እዚህ እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ፣ በሌላው ተራ አባል ሊሆን ይችላል። ሐዘን የደረሰበት አባልም ገንዘብ ያዡን የሚፈልገው በሚናው እንጂ በስሙ አይደለም። በአላዲንም እንዲሁ ኤጀንቶች መልእክት የሚልኩት ለሚና ነው፤ ሚናውን የያዘው ኤጀንት ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ ላኪው ምንም ነገር መለወጥ አያስፈልገውም።

ደቦን የእድር ተቃራኒ አድርጎ ማየት ይቻላል። ደቦ ለአንድ ሥራ ተጠርቶ ሥራው ሲያልቅ የሚበተን ነው፤ በመስኩ ጥምረት ከሚባለው ቅርጽ ጋር ይመሳሰላል። ብራያን ሆርሊንግና ቪክተር ሌሰር በ2004 ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ ተዋረድን፣ ጥምረትን፣ ቡድንን፣ ፌዴሬሽንን፣ ገበያን፣ ማኅበረሰብንና ሌሎችንም ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋል። ከእነሱ መካከል በሁሉም ሁኔታ ከሌሎቹ የሚበልጥ አንድም አላገኙም። ተዋረዱ ፈጣን ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ሲወድቅ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ገበያው ሀብትን በደንብ ያከፋፍላል፣ የሚዋሽ ተጫራች ሲገባበት ግን ይበላሻል።

የሚዋሽ ወይም ደንብ የሚጥስ ኤጀንት ሲመጣ ምን ይደረጋል ለሚለው ምርጡ መልስ የመጣው ከዓሣ ገበያ ነው። በስፔን ካታሎኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው ብላነስ ከተማ ዓሣ የሚሸጠው ወደ ታች በሚወርድ ጨረታ ነው። መነሻው ዋጋ ከፍ ብሎ ይጠራል፣ ከዚያ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ቀድሞ ያስቆመው ገዢ በቆመበት ዋጋ ይወስዳል። ባርሴሎና አጠገብ ቤላቴራ በሚገኘው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምርምር ተቋም ፓብሎ ኖሪየጋ፣ ካርለስ ሲየራና ባልደረቦቻቸው ይህን ገበያ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት፤ ኖሪየጋ በ1997 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ ላይ ነው። ውጤቱ ኤሌክትሮኒክ ተቋም የሚል ስም ተሰጠው።

የገበያው ቤት በክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ሻጭ ዓሣውን የሚያስመዘግብበት አለ፣ ገዢ የሚመዘገብበት አለ፣ ጨረታው የሚካሄድበት አዳራሽ አለ፣ ሒሳብ የሚዘጋበት አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ የሚቻለው በተወሰነው መንገድ ብቻ ነው፤ ሳይመዘገብ አዳራሽ የሚገባ የለም። በአዳራሹ ውስጥ የሚፈቀደው ንግግርም የተወሰነ ነው። ሁለት ገዢዎች እኩል ቢያስቆሙ የጨረታው መሪ ዋጋውን በተወሰነ መጠን ከፍ አድርጎ እንደገና ማውረድ ይጀምራል። በእጁ በሌለ ገንዘብ ዋጋ ያስቆመ ገዢ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚከፍልበት ካጣም ከገበያው ይወጣና ለዚያ ዓሣ ጨረታው ይደገማል። እያንዳንዱ ከውጭ የመጣ ኤጀንት በበር ጠባቂ ፕሮግራም በኩል ብቻ ነው የሚናገረው። ደንብ የማይፈቅደው ቃል በሩ ላይ ይቀራል። ኤጀንቱ ሐቀኛ ይሁን አይሁን ማንም አይመረምረውም፤ ቢፈልግም የሚያበላሽበት መንገድ አልተተወለትም። እስካሁን ከታዩት ሞዴሎች ይኸኛው ለማያውቁት እንግዳ ክፍት በሆነ ሥርዓት ይበልጥ ያስተማምናል። ጥብቅነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ማንም ያላሰበው ሁኔታ ሲፈጠር፣ ደንብ ቢጣስ የሚሻልበት ቀንም ቢመጣ፣ በሩ አይከፈትም።

የብራዚልና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሠሩት ሞይዝ የተባለው ሞዴል በሩን ይከፍታል፣ ጥሰቱን ግን ይመዘግባል። ሞይዝ በፈረንሳይኛ ሙሴ ማለት ነው፤ ሕግ ለሚጽፍ ሥርዓት የማይከፋ ስም ነው። በ2002 በዦሚ ሁብነር፣ በዣይሜ ሲሽማንና በኦሊቪየ ቧሲየ የተሻሻለው ቅጂ ድርጅቱን ለሦስት ከፍሎ ይገልጸዋል። አንዱ መዋቅሩ ነው፦ ምን ዓይነት ሚና አለ፣ ስንት ኤጀንት ይይዘዋል፣ ማን በማን ላይ ሥልጣን አለው፣ የትኛውን ከየትኛው ደርቦ መያዝ ይፈቀዳል። ሁለተኛው የሥራው ዕቅድ ነው፦ ትልቁ ግብ ወደ ትንንሽ ግቦች ተበትኖ፣ የቱ ከየቱ በፊት እንደሚመጣ፣ የቱ ከየቱ ጎን ለጎን እንደሚሄድ። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያስተሳስር ግዴታና ፈቃድ ነው፦ ይህን ሚና የያዘ ያንን ግብ ማሳካት አለበት ወይም ይችላል። መለያየቱ ፍሬ ነገር አለው። እንደ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቹን ሳይለውጡ አሰላለፉን መለወጥ ይቻላል፤ አሰላለፉን ሳይነኩም የማጥቂያ ስልቱን።

ሞይዝ በ2013 በወጣ ጽሑፍ ከተገለጸው ጃካሞ ከተባለው የፕሮግራም መድረክ ሦስት ክፍሎች አንዱ ሆኗል። ጄሰን የኤጀንቶቹን አስተሳሰብ፣ ካርታጎ የሚሠሩበትን መሣሪያና አካባቢ፣ ሞይዝ ድርጅቱን ይይዛሉ። ለመማሪያ የሚቀርበው ምሳሌ ቤት መሥራት ነው። ጃኮሞ የሚባል ኤጀንት ቤት ሊያሠራ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሥራ ጨረታ ያወጣል፤ ተቋራጭ ኩባንያዎችን የሚወክሉ ኤጀንቶች ዋጋ እየቀነሱ ይፎካከራሉ፣ ዝቅተኛ የሰጠ ያሸንፋል። እስከዚህ ድረስ ከስሚዝ የውል መረብ ብዙም አይለይም።

ልዩነቱ ሥራው ሲጀመር ይታያል። አሸናፊዎቹ ሚናቸውን ይይዛሉ፦ ቦታ አዘጋጅ፣ ግንበኛ፣ ጣሪያ ሠሪ፣ መስኮት ገጣሚ፣ በር ገጣሚ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቀለም ቀቢ። ዕቅዱ እንዲህ ይላል፦ መሬቱ ይስተካከል፣ ወለል ይነጠፍ፣ ግድግዳ ይቁም፤ ከዚያ ጣሪያ፣ መስኮትና በር ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ከነሱ በኋላ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታና የውጭ ቀለም፤ በመጨረሻ የውስጥ ቀለም። ጃኮሞ ሠራተኞቹን እየዞረ አያስታውስም። ግድግዳው መቆሙ በተመዘገበ ቅጽበት ድርጅቱ ራሱ ጣሪያ ሠሪውን፣ መስኮት ገጣሚውንና በር ገጣሚውን የሚመለከት ግዴታ ያወጣል፣ የጊዜ ገደብም ይሰጠዋል። ኤጀንቱ ግዴታውን አይቶ ይሠራል፤ ወይም ሌላ የሚያዋጣው ሥራ ይዞ ሊተወው ይችላል። ከተወው ገደቡ ሲያልፍ ግዴታው ያልተፈጸመ ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ የሚከተለውን፣ መቅጣትም ሆነ መተካት፣ አሠሪው ይወስናል። የውስጥ ቀለም የሚቀባው ኤጀንት ከግንበኛው ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጥ ሥራው በተራው ይደርሰዋል። ኮንትራክተር ሲያሯሩጥ የከረመ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ ቢቀና አይፈረድበትም።

መልቪን ኮንዌይ በ1968 አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ማንኛውም ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት የራሱን የድርጅቱን የመገናኛ መዋቅር መልሶ ይመስላል። አራት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት አራት ክፍል ያለው ፕሮግራም ይጽፋል ማለት ነው። እሱ ያየው ሳይታሰብ የሚሆነውን ነው፤ ድርጅታዊ ሞዴሎች ያንኑ ነገር አውቀው ያደርጉታል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትን ጥቅም ሲወስዱ በሽታውንም አብረው መውሰዳቸው አይቀርም። ሚናና ፈቃድ በበዛ ቁጥር ትንሹ ሥራ ብዙ መልእክት ይጠይቃል። ዓለም ተለውጦ መዋቅሩ ባለበት ሲቀር ኤጀንቶቹ የማያስፈልግ ሥራ በሚገባ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። መዋቅሩን እየሠሩ መለወጥ ይቻላል፤ ሞይዝም አላዲንም ይፈቅዱታል። ከባዱ መቼ እንደሚለወጥ ማወቁ ነው። በየአጋጣሚው መዋቅር የሚቀይር ሥርዓት ጊዜውን ሁሉ በመደራጀት ያሳልፋል፤ መቼም የማይቀይር ደግሞ እንደ ታምቤ ሄሊኮፕተሮች አየር ላይ ይቀራል።

ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከመጡ ወዲህ ይህ ዕውቀት አዲስ ገበያ አግኝቷል። በ2023 የወጣው ቻትዴቭ የተባለው ሥርዓት ለቋንቋ ሞዴሎች ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊ፣ ፕሮግራመር፣ ገምጋሚና ፈታሽ የሚል ሚና ሰጥቶ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ያስመስላል። በዚያው ዓመት የወጣው ሜታጂፒቲ የምርት ሥራ አስኪያጅ፣ አርክቴክት፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ መሐንዲስና የጥራት ተቆጣጣሪ አለው፤ እርስ በርስ በወሬ ከመግባባት ይልቅ ሰነድ ይለዋወጣሉ። የምርት ሥራ አስኪያጁ የፍላጎት ሰነድ ይጽፋል፣ አርክቴክቱ ያንን አንብቦ የንድፍ ሰነድ ያወጣል፣ መሐንዲሱ ከዚያ ተነስቶ ኮድ ይጽፋል። እያንዳንዱ የሚመለከተውን ሰነድ ከጋራ ሰሌዳ ላይ ያነባል።

ከቀደሙት ሥርዓቶች የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ሚናው ለሞዴሉ የሚነገረው በተራ ቋንቋ ነው፦ «አንተ ልምድ ያለህ ፕሮግራመር ነህ፤ ሥራህ ይህ ነው» ተብሎ። ደንቡ ከውጭ የሚያስፈጽመው አካል ከሌለ ተመልሶ ኤጀንቱ ጭንቅላት ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይረሳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በ2025 እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች የሚወድቁባቸውን 14 መንገዶች ለይተው በሦስት ክፍል መደቧቸው፦ ከመነሻው የተጓደለ አደረጃጀት፣ በኤጀንቶች መካከል ያለ አለመግባባት፣ የውጤት ማረጋገጫ ጉድለት። ከመረመሩት መካከል የምርት ኃላፊው የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ቦታ ወስዶ የመጨረሻ ውሳኔ ሲሰጥ የታየበት አለ። የቼዝ ጨዋታ እንዲጽፍ የታዘዘ ሥርዓት ውስጥም ፈታሹ ኮዱ ያለ ስሕተት ኮምፓይል መደረጉን ብቻ አይቶ አሳልፎታል፤ የቼዝ ሕግ መከበሩን አላየም።

በሳውዲ ዓረቢያው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ካሜል የተባለው ሥርዓት ሁለት የቋንቋ ሞዴሎችን ብቻ ያነጋግራል፦ አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ። ሠሪዎቹ በ2023 ከመዘገቧቸው ችግሮች ውስጥ ታዛዡ ድንገት አዛዥ ሆኖ መገኘቱ አንዱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «እሺ፣ እሠራዋለሁ» ይልና ምንም አይሠራም። ከሁሉም የሚያስገርመው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነው፦ አንዱ ያመሰግናል፣ ሌላው ምስጋናውን ይመልሳል፣ አንዱ ደኅና ሁን ይላል፣ ሌላውም እንደዚያው፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። በር ላይ ቆመው ሲሰነባበቱ የሚመሹ ዘመዳሞችን ያየ ሰው ሁኔታውን በቀላሉ ይገምተዋል። ሠሪዎቹ ከሌሎች ማቆሚያዎች ጋር ከሁለቱም ውጭ የሆነ ቆጣሪ አስቀመጡ፤ ንግግሩ 40 መልእክት ሲሞላ ይዘጋል።